ጁፒተርን ማን አንኳኳው?

ሰላም ለሁላችሁም። ባለፈው እትም ስለ ጁፒተር ሁለት መስመር ጻፍኩና ነገር አመጣሁ። «ጁፒተር ሰው የሚቆምበት መሬት የለውም፤ ሲወርዱ ሲወርዱ ጋዙ እየወፈረ ይሄዳል እንጂ» ብዬ ነበር። ደብዳቤው ጎረፈ። አብዛኛው የሚያጠነጥነው በአንድ ጉዳይ ላይ ስለሆነ ዛሬ አምዱን በሙሉ ለእሱ ሰጥቻለሁ። ስለ ሞባይል ባትሪ የጠየቃችሁ ትንሽ ታገሡኝ። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ይድረስ ለመምህር። እኔ ጣና ላይ የሞተር ጀልባ እነዳለሁ። በጥር ወር እንግዳ ይዤ ከዘጌ ስመለስ አንዳንዴ ይመሽብኛል። በግራዬ በኩል፣ ዝቅ ብሎ፣ አንድ ደማቅ ኮከብ ሲወጣ አይ ነበር። ጁፒተር መሆኑን የነገረኝ ጀልባዬ ላይ የተሳፈረ አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። ያው ልጅ «ይሄ ፕላኔት ይንቀጠቀጣል፣ የታወቀውም ከብርሃኑ ነው» አለኝ። ሳቅሁበት። እርስዎ ደግሞ መሬት የለውም አሉ። መሬት የሌለው ነገር ምኑ ይንቀጠቀጣል? ውስጡንስ ማን አይቶት ነው? — ጀልባ ነጂ፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ ወንድሜ፣ ልጁን ካገኙት ይቅርታ ይጠይቁት። እውነቱን ነው።

ከመጨረሻው ጥያቄዎ ልጀምር። ውስጡን ያየ የለም። ወደ ውስጥ ጠልቆ ለመለካት የተላከ መሣሪያ ያለው አንድ ብቻ ነው። በ1995 መጨረሻ ጋሊሊዮ የተባለችው መንኮራኩር አንዲት መለኪያ ሰደደችበት። መለኪያዋ በፓራሹት እየወረደች አንድ ሰዓት ለማይሞላ ጊዜ መልእክት ስትልክ ቆየች። ከዚያ ሙቀቱና ግፊቱ በላት። የደረሰችበት ጥልቀት ወደ 150 ኪሎ ሜትር ነው። ከጁፒተር ወገብ እስከ መሃሉ ደግሞ ከ71 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ አለ። ቆዳውን እንኳ በቅጡ አልጫረችውም።

ግን ሳይከፍቱ ውስጥን ማወቂያ ዘዴ አለ። ቅዳሜ ገበያ እንስራ የሚገዙ እናቶችን አይተው ያውቃሉ? እንስራውን በግራ እጃቸው ያዝ ያደርጉና በቀኝ ጣታቸው አንጓ ኳ፣ ኳ ያደርጉታል። በደንብ የተተኮሰው ጥርት ብሎ ይጮኻል። ስንጥቅ ያለበት ድምፁ የታፈነ ነው። ሻጯ ብትምል ብትገዘት የሚታመነው ድምፁ ነው።

የጁፒተርም ነገር እንዲሁ ነው። ለዚህ ደግሞ መሬት አያስፈልግም። ድምፅ በጋዝም በፈሳሽም ውስጥ ይሄዳል። ጁፒተር በአብዛኛው ሃይድሮጅንና ሂሊየም ነው፤ ድምፅ ውስጡ ይመላለሳል። ከላይ የተነሣ ድምፅ ወደ ውስጥ ይወርዳል። እየወረደ ሲሄድ ሙቀቱ ስለሚጨምር ይፈጥናል፤ መንገዱም ይታጠፍና ተመልሶ ወደ ላይ ይወጣል። ላይ ሲደርስ ጋዙ በድንገት ይሳሳበታል፤ ማለፍ ስለማይችል ተንጸባርቆ እንደገና ይወርዳል። እንዲህ ሲመላለስ ከራሱ ጋር የሚገጥም ድምፅ ይጠነክራል። ያልገጠመው ይሞታል። የገጠመው ነው እንግዲህ ፕላኔቱን ከዳር እስከ ዳር ከፍ ዝቅ የሚያደርገው።

ሐሳቡ ከፀሐይ የመጣ ነው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ሮበርት ሌይተንና ባልደረቦቹ ካሊፎርኒያ ማውንት ዊልሰን ላይ ሆነው ፀሐይን ሲመለከቱ፣ ገጿ በየአምስት ደቂቃው ከፍ ዝቅ እንደሚል አዩ። መጀመሪያ የላይ የላይ መስሎ ነበር። በኋላ ድምፁ ከጥልቅ ውስጥ ደርሶ የሚመለስ መሆኑ ተረጋገጠ። ዛሬ የፀሐይ ውስጥ በምን ፍጥነት እንደሚዞር የምናውቀው በዚህ ዘዴ ነው። በ1976 ደግሞ የሶቪየት ተመራማሪዎች ጁፒተርና ሳተርንም የራሳቸው ንዝረት ሊኖራቸው እንደሚገባ አሰሉ።

አሁን መጠኑን ልንገርዎ። በ2011 ታትሞ የወጣው ልኬት እንደሚለው ጁፒተር በጣም የሚርገበገብበት ዙር 14 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። የትልቁ ንዝረት ፍጥነት በሰከንድ 49 ሴንቲ ሜትር ነው። በቃ፣ ግማሽ ሜትር እንኳ አይሞላም! ከዚህ ተነሥቼ ወረቀት ላይ ሳሰላው ደመናው ወደ 64 ሜትር ከፍ፣ 64 ሜትር ዝቅ ይላል። 140 ሺህ ኪሎ ሜትር ስፋት ባለው ነገር ላይ 64 ሜትር። ቅርብ ሲሆን እንኳ ከእኛ 600 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። 64 ሜትሩን በቴሌስኮፕ ማየት አይታሰብም። ፍጥነቱን ግን ብርሃኑ ይዞት ይመጣል። እንዴት የሚለውን ለቀጣይዋ ጠያቂ ነው የምመልሰው፤ እርስዎም አብረው ያንብቡ።

አንድ ነገር ልጨምር። የመስክ መነጽር ካለዎት ወይም እንግዳ ከያዘ ይዋሱና ያችን ኮከብ ይመልከቱ። በጎኗ የተሰለፉ እስከ አራት የሚደርሱ ነጠብጣቦች ያያሉ፤ የጁፒተር ጨረቃዎች ናቸው። ሞተሩን ግን ያጥፉ። ጀልባው ሲንቀጠቀጥ አይያዙም።

ጥያቄ፦ ቲቸር፣ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ዶፕለርን ተምረናል፤ አምቡላንስ ሲቀርብና ሲርቅ ድምፁ የሚለወጠው ነገር። ግን ጁፒተር የራሱ ብርሃን የለውም፣ የፀሐይን ነው የሚመልሰው። ታዲያ የሚለካው የማን ብርሃን ነው? ደግሞ ጁፒተርም ይሽከረከራል፣ ምድርም ትሽከረከራለች። ከዚህ ሁሉ መሃል ግማሽ ሜትር እንዴት ይለያል? — ተማሪ፣ ከባሕር ዳር፣ ሽምብጥ

መልስ፦ ልጄ፣ ይሄን የመሰለ ጥያቄ ክፍል ውስጥ ብትጠይቂኝ ኖሮ ጠመኔውን አስቀምጬ አጨበጭብልሽ ነበር። በሥራ እንጀምር።

ቤት ውስጥ የቆየ ሲዲ አይጠፋም። አንድ የጫማ ካርቶን ውሰጂ። በአንደኛው ጫፍ ቀዳዳ አውጪና ሁለት ምላጭ ፊት ለፊት ለጥፊበት፤ በመሃላቸው ወረቀት ብቻ የምታሾልክ ክፍተት ተይ። በምላጩ እንዳትቆረጪ ታላቅሽን አስይዢ። በሌላኛው ጫፍ ሲዲውን አንጋደሽ አስቀምጪ፣ አብረቅራቂው ፊት ወደ ክፍተቱ ይሁን። ከሲዲው በላይ ማያ ቀዳዳ ክፈቺ። የቀረውን ብርሃን እንዳያስገባ በፕላስተር ድፈኚው። ከዚያ ክፍተቱን ወደ ብሩህ ሰማይ አዙሪ። ወደ ፀሐይ ራሷ ግን በጭራሽ! ዐይን መተኪያ የለውም።

ከቀይ እስከ ሐምራዊ የተዘረጋ ቀለም ታያለሽ። አትቸኩዪ፣ ካርቶኑን ትንሽ ወዲህ ወዲያ እያልሽ ዐይንሽን አስለምጂው። ቀለሙን የሚያቋርጡ ቀጫጭን ጥቁር መስመሮች ብቅ ይላሉ። ጀርመናዊው ፍራውንሆፈር በ1814 አንድ በአንድ ቆጥሮ የመዘገባቸው እነሱን ነው። አረንጓዴው ላይ፣ 517 ናኖሜትር አካባቢ፣ የማግኒዥየም ሦስት መስመሮች ተጠጋግተው አሉ። በሲዲ አንድ ወፍራም መስመር ሊመስሉሽ ይችላሉ። ፀሐይ ላይ ያለው ማግኒዥየም ያቺን ቀለም መርጦ ስለሚውጣት ነው ቦታዋ የጠቆረው።

የጥያቄሽ መልስ እዚህ ነው። የሚለካው የፀሐይ ብርሃን ነው፤ መስመሮቹም የፀሐይ ናቸው። ብርሃኑ ከፀሐይ ተነሥቶ የጁፒተር ደመና ላይ ያርፋል፣ ከዚያ ወደ እኛ ይመለሳል። ጥቁር መስመሮቹን እንደያዘ ነው የሚመለሰው። ደመናው ወደ እኛ ሲነሣ መስመሮቹ ወደ ሰማያዊ ይገፋሉ። ሲሰምጥ ወደ ቀይ። እንዲያውም ጁፒተር የራሱ ብርሃን አለመኖሩ እዚህ ላይ ጠቅሟል። ከጁፒተር ሆነሽ ብታዪ ፀሐይና ምድር ከ12 ዲግሪ በላይ አይራራቁም። ስለዚህ ወደ እኛ የሚመጣ ደመና ወደ ፀሐይም እየሄደ ነው። ብርሃኑን ሲቀበል አንዴ፣ ሲመልስ አንዴ፤ ለውጡ እጥፍ ይሆናል።

እጥፍ ሆኖ እንኳ ስንት መሰለሽ? ከ300 ሚሊዮን አንድ እጅ። መስመሩ ራሱ ከዚህ ለውጥ ከአሥር ሺህ ጊዜ በላይ ይወፍራል። ስለዚህ ተራ መሣሪያ አስቀምጦ «መስመሩ ከዚህ ወደዚያ ሄደ» ማለት አይሆንም። የሚያደርጉት ብርሃኑን ለሁለት መክፈል ነው። አንደኛውን ረዘም ባለ መንገድ ያዞሩታል። መልሰው ያገናኙታል። ሁለቱ ሲገናኙ አንዱ ቦታ ይደምቃል፣ ሌላው ይጨልማል። መስመሩ ቅንጣት ስትነቃነቅ የድምቀቱ ቦታ ይሸሻል። ሽሽቱን መለካት ይቻላል። ማክ ዜንደር ኢንተርፌሮሜትር የሚሉት ይሄ ነው። ትልቁ ጥቅሙ የጁፒተርን ምስል በሙሉ ባንዴ ማስተናገዱ ነው፤ ነጥብ በነጥብ የፍጥነት ካርታ ይሰጣል።

አሁን ወደ መሽከርከሩ። ጁፒተር በ9 ሰዓት ከ55 ደቂቃ አንዴ ይዞራል። ወገቡ ላይ ያለ ደመና በሰከንድ 12.6 ኪሎ ሜትር ይነጉዳል። አንዱ ጠርዝ ወደ እኛ፣ ሌላው ከእኛ። ይሄ ከምንፈልገው ንዝረት ከ25 ሺህ ጊዜ በላይ ይበልጣል። እኛም አርፈን አልተቀመጥንም። ሽምብጥ በራፍ ላይ ቁጭ ብለሽ ይህን ስታነቢ ምድር በሰከንድ 455 ሜትር ወደ ምሥራቅ እየወሰደችሽ ነው። ምድር ራሷ ፀሐይን ስትዞር በሰከንድ 30 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች።

የሚያድነን ጊዜው ነው። እነዚህ ትላልቅ ፍጥነቶች ወይ አይለወጡም፣ ወይ በታወቀ ሒሳብ በሰዓታት ውስጥ ቀስ ብለው ይለወጣሉ። ይሰላሉ፣ ይቀነሳሉ። ንዝረቱ ግን በየ14 ደቂቃው ሄድ መለስ ይላል። ሌሊቱን ሙሉ ሳያቋርጡ ይለካሉ፤ ከዚያ ልኬቱን በየድግግሞሹ ይለያዩታል። በየ14 ደቂቃው የሚመጣው ለብቻው ይወጣል፣ በየ10 ሰዓቱ የሚመጣው ለብቻው።

ወረቀት ላይ ቀላል ይመስላል። ችግሩ የጁፒተር መልክ ዥንጉርጉር መሆኑ ነው። ነጭና ቡናማ ቀበቶ አለው፣ ትልቁ ቀይ ነጠብጣብም አለ። አብረው ስለሚዞሩ ንዝረት የሚመስል ነገር ይፈጥራሉ። ከዚህ የባሰም አለ። ምስሉ ካሜራው ላይ ትንሽ ብትንሸራተትስ? ጫፉ በሰከንድ 12.6 ኪሎ ሜትር፣ መሃሉ ዜሮ ነው ብለናል። እንግዲያው ምስሉ የጁፒተርን ወርድ ግማሽ 25 ሺኛ ያህል ብቻ ወደ ጎን ቢሄድ፣ እያንዳንዱ ነጥብ ላይ ግማሽ ሜትር የሚሆን ሐሰተኛ ፍጥነት ይታያል። ልክ የምንፈልገውን ያህል! የዚህ ሥራ ፈተና ቴሌስኮፑ ሳይሆን ምስሉን ቀጥ አድርጎ መያዙ ነው የምለው ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ ጡረታ የወጣሁ ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ሳይንስ «ተገኘ» ይላል፣ ቆይቶ «አይ፣ አልተገኘም» ይላል። ይሄኛው ደረሰኝ አለው ወይስ ወሬ ነው? — አንባቢ፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ ጋሼ፣ ሒሳብ መርማሪ ደብዳቤ ሲጽፍልኝ ደስ ይለኛል። መዝገቡን እንክፈተው።

መጀመሪያ የቀረበው በ1991 ነው። ፍራንስዋ ግዛቪዬ ሽሚደር፣ ቤኖዋ ሞሴርና ኤሪክ ፎሳ የተባሉ ፈረንሳውያን በኦት ፕሮቫንስ የምርምር ጣቢያ የሶዲየም መስመርን ለክተው ንዝረት ሳናይ አልቀረንም አሉ። ልብ ይበሉ፣ ርዕሱ ላይ ራሱ «ሊሆን ይችላል» የሚል ጥንቃቄ አስገብተዋል። ይሄን አከብራለሁ። በ1993 ሞሴርና ሌሎች ባልደረቦቹ ሃዋይ ላይ፣ አሁን ደግሞ በጁፒተር የሚቴን ጋዝ መስመሮች፣ አየን አሉ። በ2000 ራሳቸው እንደገና ሞክረው የቀድሞውን ማጽናት አልቻሉም። ያስቀመጡት ጣሪያ ነው፤ ንዝረት ካለ በሰከንድ ከ60 ሴንቲ ሜትር አይበልጥም የሚል።

ቀጥሎ ሲምፓ የተባለው መሣሪያ መጣ። ለተማሪዋ ያስረዳኋት ኢንተርፌሮሜትር እሱ ነው፣ የሚያየውም የማግኒዥየሙን መስመር። በሚያዝያ 2005 በካናሪ ደሴቶች፣ ቴነሪፍ ላይ፣ ወርዱ 1.5 ሜትር በሆነ ቴሌስኮፕ ጁፒተርን ተመለከተ። ፓትሪክ ጎልምና ባልደረቦቹ ውጤቱን ያተሙት በ2011 ነው። ስድስት ዓመት! ያን ሁሉ ጊዜ የወሰደው ሐሰተኛውን ከእውነተኛው የመለየት ሥራ ነው። ያገኙት 49 ሴንቲ ሜትር ከ60ው ጣሪያ በታች መሆኑን ያስተውሉ። መዝገቡ አይጋጭም።

እኔን ያሳመነኝ ግን የንዝረቱ መጠን አይደለም፣ አሰላለፉ ነው። አንድ ሉል ውስጥ የሚመላለስ ድምፅ ከሆነ ንዝረቶቹ በድግግሞሽ እኩል እኩል ተራርቀው መሰለፍ አለባቸው። ተሰልፈዋል። ርቀታቸው 155 ማይክሮኸርዝ ነው (አንድ ማይክሮኸርዝ በሚሊዮን ሰከንድ አንድ ዙር ማለት ነው)፤ የቲዎሪ ሰዎች ቀድመው ካሰሉት ጋርም ይስማማል። ከምድር ቀን የሚመጣ ስሕተት በ11.6 ማይክሮኸርዝ ብዜት ይመጣ ነበር። ከጁፒተር መሽከርከር የሚመጣ በ28 ብዜት። 155ን ለሁለቱም ያካፍሉት፣ አይገባም። ይህ ቁጥር ሲገለበጥ ደግሞ ድምፅ ጁፒተርን ከአንድ ጎን ወደ ሌላው ጎን መሃሉን ሰንጥቆ ለማለፍ የሚወስድበት ጊዜ ነው፤ 1 ሰዓት ከ47 ደቂቃ። አማካይ ፍጥነቱ በሰከንድ ከ21 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። አየር ውስጥ 340 ሜትር ነው።

ሁለተኛ ምስክርስ? አለ፣ ያውም ብርሃን የማይጠቀም። ጁኖ የተባለችው መንኮራኩር ከ2016 ጀምሮ ጁፒተርን እየዞረች ነው። ፕላኔቱ ሲርገበገብ ስበቱ በጥቂቱ ይለዋወጣል፣ እሷንም ሳብ ለቀቅ ያደርጋታል። በ2022 የታተመ ጥናት በጉዞዋ ላይ የታዩትን ጥቃቅን መዛነፎች የሚያብራራው ንዝረት ነው ብሏል። የሰጠው ፍጥነት በሰከንድ ከ10 እስከ 80 ሴንቲ ሜትር፣ ድግግሞሹም ከ900 እስከ 1200 ማይክሮኸርዝ። የቴነሪፉ ቁጥር 1213 ነው። ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች ተመሳሳይ ሒሳብ ይዘው መጡ ማለት ነው።

ስለዚህ ጋሼ፣ «ጁፒተር ይርገበገባል» የሚለው ላይ እኔ እፈርማለሁ። «እያንዳንዱ ንዝረት ተለይቶ ታወቀ» ከተባለ ግን ብዕሬን እመልሳለሁ። ለዚያ የቴነሪፍ ጥቂት ሌሊቶች አይበቁም። የጁፒተር እምብርት ጥርት ያለ ጠርዝ እንደሌለው፣ ዙሪያው ካለው ሃይድሮጅን ጋር ተቀላቅሎ እንደተሰራጨ ከጁኖ የስበት ልኬት ተነግሯል። ያ ስርጭት የት እንደሚያበቃ በትክክል የሚለየው ግን ንዝረቱ ተለይቶ ሲነበብ ነው።

ሳተርን ላይማ ሥራው ቀድሞ ሄዷል። ቀለበቶቹ መለኪያ ሆነውላቸዋል። ፕላኔቱ ሲርገበገብ ስበቱ ቀለበቱ ላይ ጠመዝማዛ ሞገድ ይፈጥራል። በ1993 ማርሊ እና ፖርኮ የተባሉ ተመራማሪዎች ይህን ተነበዩ፣ በ2013 ሄድማንና ኒኮልሰን ሳተርንን ስትዞር ከነበረችው ካሲኒ መንኮራኩር መረጃ አረጋገጡ። በ2021 ማንኮቪችና ፉለር ከዚያው ተነሥተው የሳተርን እምብርት እስከ 60 በመቶ የሚሆነውን የፕላኔቱን ግማሽ ወርድ እንደሚሸፍን አሳዩ። ጁፒተር ግን ያን የመሰለ ወፍራም ቀለበት ስለሌለው ከብርሃን ጋር መታገል ግድ ነው።

ጥያቄ፦ ድምፅ ነው ካላችሁ በጆሮ ይሰማል? ደሞስ እንስራውን የሚያንኳኳው ገዢው ነው። ጁፒተርን ማን ያንኳኳዋል? — ጀበና ቡና የምትሸጥ አንባቢ

መልስ፦ እህቴ፣ አይሰማም። የሰው ጆሮ በሰከንድ ከ20 ጊዜ በታች የሚርገበገብ ድምፅ አይሰማም። የጁፒተር ከዚያ በ16 ሺህ ጊዜ ያነሰ ነው። በመሃል ያለው ጠፈር ባዶ ስለሆነ ድምፅ የሚሄድበትም የለም።

ማን ያንኳኳዋል ላሉት ክርክሩ አላለቀም። ፀሐይን የሚያንኳኳት የራሷ መፍላት ነው። ጁፒተርም ከፀሐይ ከሚቀበለው ሙቀት እጥፍ ገደማ ይተፋል፤ ውስጡ እየፈላ ነው። ግን የፀሐይን ሒሳብ ይዘው ሲያሰሉት መፍላቱ ቀሰስተኛ ነው፣ 49 ሴንቲ ሜትር አይሞላም። ስለዚህ አንዳንዶች ከደመናው ሥር ወዳለው የነጎድጓድ ማዕበል ይጠቁማሉ። በሐምሌ 1994 ሃያ የሚያህሉ የሹሜከር ሌቪ 9 ጅራታም ኮከብ ቁርጥራጮች ጁፒተር ላይ ሲወድቁ «አሁን ይጮኻል» ብለው መሣሪያ የደገኑ ነበሩ። ደመናው ላይ ትልልቅ ጥቁር ጠባሳ ቀረ። የተጠበቀው ንዝረት ግን አልተያዘም።

ጥያቄ፦ በፊዚክስ ተመርቄ ሥራ እየፈለግኩ ነው። ይሄን ነገር እኛ ከዚህ ሆነን ልንሠራው አንችልም? ጣና ዳር ሰማዩ ሰፊ ነው። — ተመራቂ፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ ሰፊ ነው፣ ግን ባሕር ዳርን አልመርጥም። የሐይቁ እርጥበት አለ፣ የከተማው መብራት አለ፣ ክረምቱ ደግሞ ወራት ሙሉ ሰማዩን ይዘጋዋል። ከፍታችንም 1,800 ሜትር ገደማ ነው። እንጦጦ 3,200 ሜትር ላይ ባለ አንድ ሜትር ሁለት ቴሌስኮፖች አሉ፤ የአዲስ አበባ መብራት ከሥሩ ነው እንጂ። የላሊበላ አካባቢ ተራሮች ከሁሉም ይሻላሉ ብዬ አስባለሁ።

ኢትዮጵያ አንድ ትልቅ ጥቅም አላት። ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን ጁፒተር በየትኛውም ዓመት ከአናታችን ብዙ ሳይርቅ ያልፋል። አውሮፓ ላይ አንዳንድ ዓመት ከአድማስ ብዙም አይነሣም፣ ያኔ ምስሉ ይንቀጠቀጣል። ከመስከረም ማለቂያ በኋላ ያለው ደረቅ ወቅትም ለዚህ ሥራ ምቹ ነው።

ይሁንና አንድ አገር ብቻውን አይበቃም። ቀን ሲሆን ልኬቱ ይቋረጣል፣ ክፍተቱም ሐሰተኛ ንዝረት ይወልዳል። ስለዚህ ነው ፈረንሳይ፣ ኒስ ከተማ ያሉት ተመራማሪዎች ጆቪያል የሚሉትን መረብ የዘረጉት፤ ደቡብ ፈረንሳይ ካለርን፣ ጃፓን ኦካያማና አሜሪካ ኒው ሜክሲኮ። አንዱ ጋ ሲነጋ ሌላው ጋ ይመሻል። በዚያው መሣሪያ የጁፒተርን ነፋስ ፍጥነትም ለክተዋል። ካለርን ያለው ቴሌስኮፕ አንድ ሜትር ነው፣ የእንጦጦዎቹን ያህል። የሚጎድለን መስታወት አይደለም። ሙቀቱ ሳይዋዥቅ የሚቆይ ኢንተርፌሮሜትርና ኦፕቲክስ በደንብ የሚያውቅ ሰው ነው።

አንተ ግን እስከዚያ እጅህን አጣጥፈህ አትቀመጥ። ላፕቶፕና ፓይተን ካለህ ይሄን ሞክር። ቁመቱ 49 ሴንቲ ሜትር፣ ድግግሞሹ 1213 ማይክሮኸርዝ የሆነ ሞገድ ሥራ። የአሥር ቀን ልኬት በየደቂቃው አውጣና ከሞገዱ የበለጠ ጫጫታ ጨምርበት። ከዚያ ከእያንዳንዱ ቀን ስምንት ሰዓቱን ብቻ አስቀርተህ ሌላውን ደምስስ። ልኬቱን በየድግግሞሹ የሚለያየውን ፉሪየር ትንተና ሥራበት። ከእውነተኛው ጫፍ ግራና ቀኝ፣ በ11.6 ማይክሮኸርዝ ርቀት፣ ሌሎች ጫፎች ቆመው ታገኛለህ። ቀጥሎ ሦስት ጣቢያ እንዳለህ አድርገህ ስምንቱን ሰዓት ወደ ሃያ አሳድግና እነዚያ ጫፎች ምን እንደሚሆኑ እይ። ኮዱን ላክልኝ፣ አየዋለሁ።